የሽርሽር መርከብ፤ ደስታውና ወሰኑ

ዕረፍት የሥራ ደጋፊ ነው። ወታደርም ሆነ ነጋዴ፣ መምህርም ሆነ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ዓመቱን ሙሉ የደከመ ሰው ጥቂት ቀናት ከዕለት ተግባሩ ተለይቶ አካሉንና አእምሮውን ቢያሳርፍ፣ በታደሰ ጉልበት ወደ ሥራው ይመለሳል። ይህ በየትኛውም አገር የታወቀ ሲሆን የሚለያየው የዕረፍቱ ዓይነት ብቻ ነው። አንዱ ወደ ትውልድ መንደሩ ይሄዳል፤ ሌላው ፍል ውሃ ይወርዳል፤ ሌላው ደግሞ ከባሕር ዳር አሸዋ ላይ ተጋድሞ ፀሐይ ይሞቃል። ባለፉት ስድሳ ዓመታት ግን በተለይ በበለጸጉት አገሮች እየተስፋፋ የመጣ አንድ የዕረፍት ዓይነት አለ፤ ይኸውም በትልቅ መርከብ ተሳፍሮ ከወደብ ወደብ እየተዘዋወሩ መዝናናት ነው።

የሽርሽር መርከብ ኩባንያዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ባወጣው አኃዝ መሠረት፣ በ2024 በእነዚህ መርከቦች የተጓዘው ሰው ብዛት 34 ሚሊዮን 600 ሺህ ያህል ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ያህል ሕዝብ በየዓመቱ ገንዘቡን ከፍሎ የሚሳፈርበት ነገር ከንቱ ሊሆን አይችልም። በሌላ በኩል ደግሞ የደስታው ዋጋ በቲኬቱ ላይ የተጻፈው ብቻ አይደለም። ስለዚህ መንገደኛው ምን እንደሚያገኝ፣ ምን እንደሚቀርበትና ዕረፍቱን ማን በጉልበቱ እንደሚሸከምለት መመርመሩ ተገቢ ይሆናል።

ከመጓጓዣነት ወደ መዝናኛነት

በጥንቱ ዘመን መርከብ የሚሳፈር ሰው የሚደርስበት ቦታ ነበረው። ነጋዴው ለንግዱ፣ ተሳላሚው ለስለቱ፣ ወታደሩ ለዘመቻው፣ ስደተኛው ለአዲስ ኑሮው ይሳፈር ነበር እንጂ፣ በባሕር ላይ ለመዋል ብሎ ብቻ ባሕር የሚገባ ሰው ብርቅ ነበር። ይህ ልማድ መለወጥ የጀመረው በ19ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1844 ፔኒንሱላር ኤንድ ኦሪየንታል የተባለው የእንግሊዝ የመርከብ ኩባንያ ከሳውዝሃምፕተን ተነሥተው ጂብራልታርን፣ ማልታንና አቴናን የሚያስጐበኙ ጉዞዎችን ለሕዝብ አስታወቀ። በ1867 ደግሞ «ኩዌከር ሲቲ» የተባለችው መርከብ አሜሪካውያን ጐብኚዎችን ይዛ ከኒውዮርክ ወደ አውሮፓና ወደ ቅድስት አገር ተጓዘች። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ ማርክ ትዌይን የተባለው ደራሲ ሲሆን፣ ስለዚሁ ጉዞ የጻፈው መጽሐፍ በ1869 ታትሞ ስሙን በሰፊው አስጠራው።

ሽርሽሩን ወደ መደበኛ ንግድ ከለወጡት ሰዎች መካከል ግን በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሰው የጀርመኑ የሃምቡርግ አሜሪካ መስመር ኃላፊ አልበርት ባሊን ነው። የዚህ ሰው ችግር ቀላል ነበር። በክረምት ወራት የሰሜን አትላንቲክ ማዕበል ስለሚያይል መንገደኛ ይሸሻል፤ ትልልቆቹ መርከቦችም ወደብ ላይ ሥራ ፈትተው ይከርማሉ። ሥራ የፈታ መርከብ ደግሞ ቀለቡን እንጂ ገቢውን አያውቅም። ስለዚህ በጥር ወር 1891 «አውጉስታ ቪክቶሪያ» የተባለችውን መርከብ 241 መንገደኞች አሳፍሮ ወደ ሞቃቱ ሜዲትራኒያን ላካት። ጉዞው ሁለት ወር ያህል ፈጅቶ በሰላም ተፈጸመ። ኩባንያው በዚህ ተበረታቶ በ1900 ለሽርሽር ብቻ የተሠራች «ፕሪንሴሲን ቪክቶሪያ ሉዊዘ» የተባለች መርከብ አስወነጨፈ።

የዛሬው መልክ የመጣው ግን በአውሮፕላን ምክንያት ነው። በ1958 የጄት አውሮፕላኖች አትላንቲክን በመደበኛ በረራ ማቋረጥ ሲጀምሩ፣ ቀናት ይፈጅ የነበረው ጉዞ በሰዓታት የሚቈጠር ሆነ፤ የመንገደኛ መርከቦቹም ባዶአቸውን ቀሩ። ያ ሁሉ መርከብና ያ ሁሉ ባሕረኛ ምን ይሁን? የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኘው በአሜሪካ ማያሚ ወደብ ነው። በ1966 መጨረሻ ኖርዌያዊው ክኑት ክሎስተርና ቴድ አሪሰን የተባለው ነጋዴ «ሰንዋርድ» በተባለችው መርከብ ከማያሚ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች መደበኛ የሽርሽር ጉዞ ጀመሩ። የሚያስገርመው፣ የመርከቡን መንገደኛ የነጠቀው ጄት አውሮፕላን ራሱ ከሩቅ ከተሞች ሰው እያመላለሰ ማያሚ ወደብ ላይ ያራግፍለት መጀመሩ ነው።

የባሕር ላይ ከተማ

የዘመኑ የሽርሽር መርከብ ምን ያህል እንደ ገዘፈ ለመረዳት አንድ ምሳሌ ይበቃል። በጥር ወር 2024 ከማያሚ የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው «አይኮን ኦፍ ዘ ሲስ» በፊንላንድ አገር የተሠራች ስትሆን፣ ርዝመቷ 365 ሜትር፣ ፎቋ 20 ነው። የመርከብን የውስጥ ስፋት በሚለካው ግሮስ ቶን ስትመዘን 248 ሺህ ትደርሳለች፤ በ1912 የሰጠመችው «ታይታኒክ» 46 ሺህ ነበረች። እስከ 7,600 የሚደርሱ መንገደኞችና 2,350 ሠራተኞች ሲሳፈሩባት በውስጧ ያለው ሰው ወደ አሥር ሺህ ይጠጋል። ሰባት የመዋኛ ገንዳዎች፣ ቲያትር ቤት፣ የበረዶ መንሸራተቻ ሜዳ፣ ልዩ ልዩ የመመገቢያ አዳራሾችና የሕክምና ክፍል አሏት። መጠጥ ውሃዋን በአብዛኛው ከባሕሩ ውሃ ጨው ለይታ ታዘጋጃለች፤ መብራቷን ራሷ ታመነጫለች። በአጭሩ ከተማ ናት፤ ልዩነቱ ከተማዋ ሌሊቱን ስትሄድ ማደሯ ብቻ ነው።

የደስታው ምንጭም ይኸው ነው። በየብስ ጉብኝት የሚሄድ ሰው ከሆቴል ሆቴል ሻንጣውን እየጐተተ፣ ባቡር እንዳያመልጠው እየተጨነቀ፣ ምግብ ቤት እየፈለገ የዕረፍት ጊዜውን እኩሌታ በመንገድ ጣጣ ይጨርሰዋል። በመርከብ የሚሄደው ግን ዕቃውን አንድ ጊዜ ፈትቶ በካቢኑ ውስጥ ያስቀምጣል። ማታ ከአንዱ አገር ተነሥቶ ሲተኛ፣ ጠዋት ሲነሣ ሌላ አገር መስኮቱ ሥር ደርሶ ይጠብቀዋል። ምግቡ ተዘጋጅቶ፣ አልጋው ተነጥፎ፣ የማታው ሙዚቃ ተደራጅቶ ይቀርብለታል። ከመርከቡ ሆድ ግራና ቀኝ እንደ ዓሣ ክንፍ የሚዘረጉት ማረጋጊያዎች መወዛወዙን ስለሚቀንሱለት ጥንት ባሕርተኛውን ያሠቃይ የነበረው የማቅለሽለሽ ሕመም በእጅጉ ቀሎለታል።

ከሁሉም በላይ ተጠቃሚዎቹ እግራቸው የደከመ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች፣ አካለ ስንኩላንና ልጆች ያሏቸው ቤተሰቦች ናቸው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው በአሳንሰር ከፎቅ ፎቅ እየወጣና እየወረደ ሦስት አራት አገር ለማየት ይችላል። አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ በአንድ ጣሪያ ሥር ሰንብተው፣ ቀን እያንዳንዳቸው ወደሚወዱት ሄደው፣ ማታ በአንድ ማዕድ ይገናኛሉ። ከዚህም ሌላ፣ ምንም ሥራ የሌለበት የባሕር ላይ ቀን የራሱ ጸጋ አለው። ዙሪያው ውሃ፣ ላዩ ሰማይ በሆነበት ቦታ ተቀምጦ ፀሐይ ስትጠልቅ የተመለከተ ሰው፣ ለጊዜውም ቢሆን የዓለም ጫና ከትከሻው ሲወርድ ይሰማዋል። ይህን ደስታ ማጣጣል ፍርደ ገምድልነት ነው።

የመጀመሪያው ወሰን፤ ሰዓት

ይሁን እንጂ መርከቡ ለመንገደኛው ብዙ ወደብ የሚሰጠውን ያህል፣ ብዙ አገር አይሰጠውም። እንደ ተለመደው አሠራር መርከቡ ጠዋት መልሕቁን ይጥልና ማታ ይነሣል። ከመውረጃው ሰልፍና ከመመለሻው ቀጠሮ የሚተርፈው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ከስድስት ወይም ከሰባት ሰዓት አይበልጥም። በጉዞው መርሐ ግብር ላይ «ሮም» ተብሎ የተጻፈው ወደብ በእውነቱ ከሮም 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቺቪታቬኪያ ናት። «ፓሪስ» የተባለው ደግሞ ለአቭር ሲሆን፣ ከፓሪስ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። «ፍሎረንስ» ሲባልም መርከቡ የሚቆመው በሊቮርኖ ነው። እንግዲህ ከዚያች አጭር ቀን ላይ የመሄጃውና የመመለሻው ሰዓት ሲቀነስ፣ ሁለት ሺህ ዓመት የተሠራችን ከተማ ለማየት የሚቀረው የምሳ ዕረፍትን ያህል ነው።

ሰዓቱም ርኅራኄ የለውም። በኩባንያው አማካይነት ለጉብኝት የወጣ ቡድን ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቀዋል፤ በራሱ መንገድ የወጣ መንገደኛ ግን ቢዘገይ ጥሎት ይሄዳል። በመጋቢት ወር 2024 «ኖርዌጂያን ዶውን» የተባለችው መርከብ በምዕራብ አፍሪካዋ የሳኦ ቶሜ ደሴት ላይ በግላቸው አስጐብኚ ይዘው የወጡ ስምንት መንገደኞች በሰዓቱ ስላልደረሱ ትታቸው ሄዳለች። እነዚህ ሰዎች በብዙ አገሮች አልፈው ሲከተሏት ሰንብተው መርከቧን ያገኙት በሴኔጋል፣ በዳካር ወደብ ነበር። ስለዚህ የመርከብ ሽርሽር መንገደኛ፣ እንደ ወታደር ሁሉ፣ የመመለሻ ሰዓቱን የማክበር ግዴታ አለበት።

ከዚህ የባሰው ደግሞ አገሩ ጨርሶ የማይታይበት ሁኔታ ነው። ብዙ ኩባንያዎች የራሳቸውን ደሴት ወይም የባሕር ዳርቻ ገዝተው ወይም ተከራይተው መንገደኛውን እዚያ ያራግፋሉ። በሰሜን ሄይቲ የምትገኘው ላባዲ ከ1986 ጀምሮ ለአንድ ኩባንያ የተከራየች፣ ዙሪያዋ የታጠረ የባሕር ዳርቻ ናት። በጥር 12 ቀን 2010 የመሬት መንቀጥቀጥ የሄይቲን ዋና ከተማ አፍርሶ እጅግ ብዙ ሕዝብ ሲጨርስ፣ የሽርሽር መርከቦች ቀናት ሳይቈዩ ወደ ላባዲ መምጣታቸውን ቀጠሉ። በአጥሩ ውስጥ ሰው ሲዋኝ፣ ከአጥሩ ባሻገር ያለው አገር ሙታኑን ይቀብር ነበር። ኩባንያው መርከቦቹ የእርዳታ እህል እንደሚያራግፉና ጉዞው ቢቋረጥ የአካባቢው ሠራተኞች እንጀራቸውን እንደሚያጡ አስረዳ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚጣል አልነበረም፤ ሆኖም ከመንገደኞቹ መካከል በዚያ ቀን ከመርከቡ መውረድ ኅሊናቸው ያልፈቀደላቸው ነበሩ። ከ2024 ወዲህ ደግሞ በአገሪቱ ጸጥታ መታወክ ምክንያት ጉብኝቱ ተደጋግሞ ተቋርጧል።

የገንዘቡም ነገር ጥንቃቄ ይሻል። የቲኬቱ ዋጋ መኝታንና መደበኛ ምግብን የሚያጠቃልል ቢሆንም፣ የመጠጡ፣ የጉብኝቱ፣ የኢንተርኔቱ፣ የቁማሩና የጉርሻው ሒሳብ በአብዛኛው ለብቻው ነው። በመርከቡ ውስጥ በጥሬ ገንዘብ ፈንታ በካርድ ስለሚከፈል፣ ሰው ያወጣውን የሚያውቀው በመጨረሻው ቀን ሒሳቡ ሲቀርብለት ነው። «ሁሉ አማረሽን ገበያ አታውጧት» የሚለው የአበው ብሂል ለዚህ ቦታ የተነገረ ይመስላል።

ሁለተኛው ወሰን፤ የሰው ድካም

መንገደኛው ከሚዝናናበት ፎቅ በታች ሌላ ዓለም አለ። ወጥ ቤቱ፣ ልብስ ማጠቢያው፣ የሞተሩ ክፍልና የሠራተኞቹ መኝታ በአብዛኛው የሚገኙት እዚያ ነው። ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ የፊሊፒንስ፣ የኢንዶኔዥያና የህንድ ተወላጆች ሲሆኑ፣ ከስድስት እስከ አሥር ወር በሚደርስ ውል ከቤተሰባቸው ተለይተው፣ በውሉ ጊዜ ሙሉ የዕረፍት ቀን ሳያገኙ ያገለግላሉ። በጠባብ ክፍል ሁለት ሆነው ያድራሉ፤ ከደመወዛቸው ላይ ቤት ይሠራሉ፣ ልጅ ያስተምራሉ፣ ወላጅ ይጦራሉ። በየአገሩ ቢሮ ከሚከፈለው የሚሻል ገቢ ስለሚያገኙበት ሥራውን ወደውና ፈልገው ይገቡበታል፤ ይህም ሊካድ አይገባውም።

በ2006 የወጣውና በ2013 የጸናው የዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት የባሕር ሠራተኞች ስምምነት፣ የባሕረኛ ሥራ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 ሰዓት፣ በሳምንት ከ72 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ወይም ዕረፍቱ በቀን ከ10 ሰዓት፣ በሳምንት ከ77 ሰዓት እንዳያንስ ይደነግጋል። አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ ይህ እንደ ጥበቃ የተቈጠረው ወሰን በየብስ ከሚሠራው ሠራተኛ የሥራ ሰዓት እጅግ የራቀ ነው። በተጨማሪም ብዙዎቹ መርከቦች በባለቤቶቻቸው አገር ሳይሆን በባሃማስ ወይም በፓናማ ስለሚመዘገቡ፣ በመርከቡ ላይ የሚሠራው ሕግ ባንዲራው የሚውለበለብለት አገር ሕግ ነው። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲነሣ መንገደኞች ወደየቤታቸው ከተመለሱ በኋላ፣ በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሠራተኞች አገር የሚያስገባቸው አጥተው ለወራት በባሕር ላይ መቅረታቸው የዚህን ሕይወት ክብደት ለዓለም ገልጧል።

የእነዚህ ሠራተኞች ዲሲፕሊንና ቅንጅት ምን ያህል እንደሆነ በጦርነት ጊዜ ታይቷል። በ1982 በእንግሊዝና በአርጀንቲና መካከል በፎክላንድ፣ አርጀንቲናውያን ማልቪናስ በሚሏቸው ደሴቶች ምክንያት ጦርነት ሲነሣ፣ «ካንቤራ» የተባለችው መርከብ ዓለምን ዞራ ሽርሽረኞች ይዛ በመመለስ ላይ ነበረች። የእንግሊዝ መንግሥት ወዲያውኑ ተረከባት። በጥቂት ቀናት ውስጥ የሄሊኮፕተር ማረፊያ ተሠርቶላት፣ ከሁለት ሺህ በላይ ወታደሮች ጭና በሚያዝያ ወር 9ኛው ቀን ከሳውዝሃምፕተን ተነሣች። ሽርሽረኞች ይመላለሱበት የነበረው ሰገነት የወታደር መሮጫና መለማመጃ ሆነ። ከመርከቧ ባሕረኞች ብዙዎቹ በፈቃዳቸው አብረው ዘምተው፣ በግንቦት 21 ቀን ሳን ካርሎስ ላይ አውሮፕላኖች ቦምብ ሲጥሉ በሥራቸው ላይ ነበሩ። ጦርነቱም ሲያበቃ ያችው መርከብ ከ4 ሺህ በላይ የአርጀንቲና ምርኮኞችን ወደ አገራቸው መልሳለች። ለሺህ ሰው በአንድ ሰዓት ምሳ ማቅረብና አልጋ ማንጠፍ ቀላል የሚመስለው ለተቀመጠ ሰው ነው፤ ስንቅና ትጥቅ ያደራጀ ወታደር ግን ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ይረዳዋል።

ሦስተኛው ወሰን፤ የወደቡ ነዋሪ

መርከብ ሲመጣ የወደብ ከተማ ታክሲ ነጂ፣ አስጐብኚ፣ የዕደ ጥበብ ነጋዴና ባለቡና ቤት ይጠቀማሉ። ነገር ግን በአንድ ቀን አምስትና ስድስት ሺህ ሰው በጠባብ መንገድ ላይ ሲራገፍ፣ ከተማዋ የነዋሪዎቿ መሆኗ ይቀርና የትዕይንት መድረክ ትሆናለች። እንግዳውም በመርከቡ ቁርሱን በልቶ ወርዶ፣ ለራቱ ወደ መርከቡ ስለሚመለስ፣ በከተማዋ የሚተወው ገንዘብ ሆቴል ገብቶ ከሚያድረው ጐብኚ ያነሰ ነው።

በዚህ ምክንያት አንዳንድ ከተሞች ወሰኑን ራሳቸው አበጅተዋል። የኢጣሊያ መንግሥት ከነሐሴ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ከ25 ሺህ ግሮስ ቶን በላይ የሆኑ መርከቦች በጥንታዊቷ የቬኒስ ከተማ መካከል እንዳያልፉ ከልክሏል። የክሮኤሺያዋ ዱብሮቭኒክ በአንድ ጊዜ ከሁለት መርከብ በላይ እንዳይቆም ከኩባንያዎቹ ጋር ተስማምታለች። ሰላሳ ሁለት ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት የአላስካዋ ጁኖ ከ2024 ጀምሮ በቀን የሚቆሙት ትልልቅ መርከቦች ከአምስት እንዳይበልጡ ተዋውላለች። በዚያው ዓመት ቅዳሜን ከመርከብ ነፃ እናድርግ የሚል ሐሳብ ለሕዝብ ድምፅ ቀርቦ ግን ሳያልፍ ቀርቷል። ይኸውም ነዋሪው ሰላሙንም ገቢውንም እንደሚፈልግ፣ ሁለቱን ማስታረቅም ቀላል እንዳልሆነ ያሳያል።

አደጋና ጥንቃቄ

ባሕር ሰውን አያዳላም። «ታይታኒክ» ከሰጠመች በኋላ በ1914 የወጣው የሰው ሕይወት በባሕር ላይ ደኅንነት ስምምነት ብዙ ጊዜ ተሻሽሎ እስከ ዛሬ የሚሠራበት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ማሻሻያ የተገኘው በሰው ሕይወት ነው። በጥር 13 ቀን 2012 «ኮስታ ኮንኮርዲያ» 4,229 ሰው ይዛ በኢጣሊያዋ የጂልዮ ደሴት አጠገብ በጣም ተጠግታ ስታልፍ ከአለት ተጋጭታ ተጋደመች፤ 32 ሰዎችም ሞቱ። ሰዎች ሳይወጡ መርከቡን ትቶ የሄደው ካፒቴን የ16 ዓመት እሥራት ተፈረደበት። በዚያው ምሽት ከቺቪታቬኪያ ከተሳፈሩት መንገደኞች መካከል የነፍስ ማዳን ልምምድ ያላደረጉ ብዙ ነበሩ፤ ልምምዱ ለማግስቱ ተቀጥሮ ነበርና። ከ2015 ጀምሮ ግን ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደ ተነሣ ወዲያውኑ እንዲደረግ ግዴታ ሆኗል።

ሰው ተጨናንቆ በሚኖርበት ቦታ በሽታም ቶሎ ይዛመታል። በየካቲት ወር 2020 «ዳይመንድ ፕሪንሰስ» 3,711 ሰው ይዛ በጃፓን የዮኮሃማ ወደብ ተገልላ በቆመችበት ጊዜ፣ 712 ሰዎች በኮሮና ተይዘዋል። ያ የመዝናኛ ካቢን፣ በተለይም መስኮት ለሌለው፣ በአንድ ጊዜ ወደ እሥር ቤት ተለውጦ ነበር።

በእኛ አካባቢ ያለው ባሕርም በዚህ ታሪክ ውስጥ ስፍራ አለው። በ1985 በግብፅ ጠረፍ ታግታ አንድ መንገደኛ የተገደለባት «አኪሌ ላውሮ»፣ በ1994 መጨረሻ በሶማሊያ ጠረፍ አቅራቢያ በእሳት ጋይታ ሰጠመች። በኅዳር 5 ቀን 2005 ደግሞ በዚያው ጠረፍ የባሕር ወንበዴዎች በትንንሽ ጀልባዎች ሆነው 151 መንገደኞች በያዘችው «ሲቦርን ስፒሪት» ላይ የሮኬትና የጥይት እሩምታ ሲከፍቱ፣ የመርከቧ የጥበቃ ሠራተኞች ኃይለኛ ድምፅ በሚያሰማ መሣሪያ መክተው፣ መርከቧም ፍጥነቷን ጨምራ ለማምለጥ በቅታለች። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕርና በባብ ኤል መንደብ የየመን ሑቲዎች በመርከቦች ላይ ጥቃት በመክፈታቸው፣ ብዙ የሽርሽር ኩባንያዎች ጉዞአቸውን ሰርዘዋል ወይም መላውን አፍሪካ ዞረው ለመሄድ ተገደዋል። ሽርሽር የሰላም ልጅ ናት፤ ሰላም በሌለበት ባሕር የመዝናኛ መርከብ አይታይም።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው የመርከብ ሽርሽር ለሚያውቅበት ሰው እውነተኛ ዕረፍት መሆኑን ነው። የሚሳሳተው ዕረፍቱን ከዕውቀት ጋር የሚያምታታው ነው። አሥር ወደብ የረገጠ ሰው አሥር አገር አየሁ ቢል ራሱን ይደልላል፤ «ዓይን አይቶ ልብ ይፈርዳል» የተባለው ዓይን በቂ ጊዜ ሲያገኝ ነውና። ልባም መንገደኛ ጥቂት ወደብ ረዘም ላለ ሰዓት የሚቆም ጉዞ ይመርጣል። የነፍስ ማዳን ልምምዱን እንደ ቀልድ አያየውም። በወረደበት ከተማ ከባለሱቁ ገዝቶ፣ ከነዋሪው ጋር ተነጋግሮ ይመለሳል። አልጋውን የሚያነጥፍለትን ሰው ስሙን ጠይቆ፣ በስሙ ይጠራዋል፣ የድካሙንም አይነፍገውም።

ያ ሰው ምናልባት አሥረኛ ወሩን ይዞ ይሆናል፤ ልጁም አባቷ የሚመለስበትን ቀን እየቈጠረች ትሆናለች። የአንዱ ዕረፍት በሌላው ድካም ላይ የቆመ መሆኑን የሚያስታውስ መንገደኛ ከሽርሽሩ የሚቀንስበት ነገር የለም፤ ይልቁንም ወደ ቤቱ ሲመለስ ያረፈው አካሉ ብቻ አይሆንም።